የኮኮናት ዘይት በእማዬ ኩሽና

የኮኮናት ዘይት የሚበላ ነገር ነው ያለኝ ሰው ሁሉ ዋሽቶኛል። የሚበላ አይደለም፣ የሚቀባ ነው። እኔ ባደግኩበት የየካ ሰፈር ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉራችንን ታጥበን በረንዳ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ፣ እማዬ ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ አናታችንን የምታሽበት፣ ትራሳችን ላይ ተርፎ ሳምንቱን ሙሉ የሚሸተን ቅባት ነው። ቀበና ያሉት ሱቆችም የሚደረድሩት ከግሊሰሪንና ከሒና ጎን እንጂ ከጨውና ከበርበሬ ጎን አይደለም። ነጋዴ ደግሞ ዕቃውን የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል።

በአርባዎቹ ዕድሜዬ ያንኑ ቅባት ሽሮ ውስጥ አገኘሁት። አስጠላኝ ብል ቃሉ ያንሳል። የመጀመሪያውን እንደጎረስኩ ምላሴ ላይ የሰው ፀጉር ያረፈ መስሎኝ በጣቴ አፌን ፈተሽኩ። ፀጉር የለም፣ ሽታው ብቻ ነው። ሽታው ደግሞ ከፀጉሩ ይብሳል፤ ፀጉር ቢሆን ስቤ አወጣው ነበር።

ይህን መዓት ቤታችን ያስገባችው ታናሽ እህቴ ናት። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ እማዬ፣ እኔና እሷ። አባታችን ሾፌር ነበር፣ ከሞተ ቆይቷል። እኔ ኮተቤ አስተምራለሁ። እህቴ ቢሮ ትሠራለች፤ ከቢሮ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳ ላይ ትደፋለች። ደግ ናት፣ ችኩል ናት፣ ያመነችበትን ነገር ቤቱ ሁሉ ካላመነላት እንቅልፍ አይወስዳትም።

ነገሩ የመጣው በእማዬ ነው። እማዬ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ነበር፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን ትፈልጋለች፣ ይሄንንማ እኔም አደርገዋለሁ። ከዚያ ዙሁር ሰግዳ፣ መስገጃዋን አጥፋ፣ ትንሽ ቆይታ «ዙሁር ሰገድኩ እንዴ?» ማለት መጣ። አንድ ቀን ደግሞ ቀበና ደርሳ ስትመለስ ከታክሲ ወርዳ ዕድሜዋን ሙሉ የወጣችውን ዳገት ትታ በሌላ ቅያስ ገባች። ጎረቤት አግኝቷት ይዟት መጣ። «መንገዱን ቆፋፍረውት ግራ ገብቶኝ ነው» አለች። መንገዱ እውነትም ተቆፍሮ ነበር። እኔ አመንኳት፣ እህቴ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ጠይቆ ጠይቆ፣ ገና ጅማሬው ላይ ነው፣ ክትትል ያስፈልጋታል፣ እየቆያችሁ አምጧት አለን። እህቴ ደግሞ «እየቆያችሁ» ሲሏት የሚያማት ሰው ናት። በዚያው ሳምንት ትልቅ የመስታወት ብልቃጥ ታቅፋ መጣች።

«ምንድነው?» አልኳት።

«የኮኮናት ዘይት። የሚበላው ነው፣ የፀጉሩ አይደለም። ለጭንቅላት ነው፣ አእምሮን ይመግባል።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም! ስንቱ ነው እናቴ ተሻላት እያለ የሚናገረው። ሄልዚ ፋት፣ ጤናማ ስብ ነው እኮ። እሷን የሚጎዳት ያ ቅቤ ነው።»

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። የፀጉሩ ነው፣ ያውም ሳይቀንስ። እንደዚያ ስላት ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ቅቤስ አናት ላይ ይደረግ የለም እንዴ? እሱን ስትበዪ መች ቀፎሽ ያውቃል?»

መልሱ የመጣልኝ በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ቅቤ ከገበታ ወደ አናት ወጣ እንጂ ከአናት ወደ ገበታ አልወረደም። ግን ታክሲ ውስጥ ለማን ይነገራል? ማታ ቤት ስደርስ እህቴ እማዬ ራሷ ያነጠረችውን ቅቤ ከነሽታው ለጎረቤት ሰጥታ፣ ባዶውን የቅቤ ዕቃ አጥባ ደፍታዋለች።

ለእማዬ «ለአንቺ ጭንቅላት ነው» አላልናትም። እንዴት ይባላል? ለሁላችንም ጤና ነው አልናት። እኛ ቤት ደግሞ አንድ ትሪ ነው የሚቀርበው፣ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ለታመመ እንኳ ለብቻው አይቀርብለትም፤ ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ሊሞት ነው ብላ ያሳደገችን እሷ ናት። ስለዚህ ዘይቱ ለእሷ ከገባ ለሁላችንም ገባ። መሸሻ አልነበረኝም።

እና በላን። ሽሮው በእሱ ሆነ፣ ፍርፍሩ በእሱ ሆነ፣ የምስሩ ቁሌት በእሱ ሆነ። ሽንኩርቱ ገና መቁላላት ሲጀምር ቤቱ ፀጉር ቤት ፀጉር ቤት ይሸታል። አንድ እሑድ ጠዋት እህቴ ገንፎ ሠራች። ገንፎ ማለት ለእኔ መሐሉ ያለው ጉድጓድ ነው፤ ቅቤው ቀልጦ ከበርበሬው ጋር የሚንተከተክበት። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያንን ነጭ ነገር በማንኪያ ዝቃ አስቀመጠችው። ቀስ ብሎ ቀለጠ፣ ጠርቶ ውሃ መሰለ፣ በርበሬው ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። እማዬ ረዘም አድርጋ «ቢስሚላህ» አለችና ገባችበት፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው። እኔም ተከተልኩ። ጣፋጭ ነገር፣ ሳሙና የሚመስል ነገርና በርበሬ አንድ ላይ ጉሮሮዬ ላይ ተገናኙ። ውጬ ስጨርስ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የእኛ ሰፈር ብርድ ደግሞ ከዘይቱ ጋር ተማክሯል። ከእንጦጦ የሚወርደው አየር ቤቱን መቼም አያሞቀውም፤ ዘይቱ ደግሞ ትንሽ በረድ ካለው ይረጋል። ወጡ ገና ትሪው ላይ እያለ ዳር ዳሩ ነጭ ይሆናል። ቀስ ብለሽ ከበላሽ ከንፈርሽ ላይ ይረጋል፣ ሻማ የተንጠባጠበብሽ ይመስልሻል። ጣቶቼን በቀዝቃዛ ውሃ ስታጠብ አይለቅም፣ በሳሙና ስታጠብ ጥፍሬ ሥር ይገባል። ሰሐኖቹ ታጥበውም ሲነኩ ያሙለጨልጫሉ። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አፌን ስነካ፣ ጠዋት የበላሁት ከንፈሬ ጥግ ላይ ረግቶ አገኘዋለሁ። እንዲህ ያለ ጸያፍ ነገር በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ የምሳ ዕቃዬን ስከፍት አጠገቤ የተቀመጠችው አስተማሪ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገች።

«ዛሬ ፀጉርሽን ተቀብተሽ ነው? ሽታው ደስ ሲል!»

«አይ፣ ምሳዬ ነው» አልኳት።

የምቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ሻይ ብቻ ጠጥቼ ዋልኩ።

እህቴ በየማታው ታጠናለች፤ መጽሐፍ ሳይሆን እማዬን። እማዬ የአንድ ጎረቤት ልጅ ሠርግ መቼ እንደሆነ ካስታወሰች «አየሽ? መሥራት ጀመረ» ትለኛለች በጆሮዬ። ከረሳች ደግሞ «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ትላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ልተርትባት አፌ ላይ ይመጣና ፊቷን ሳየው እተወዋለሁ። ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበር። እኔም እፈራ ነበር፣ ግን እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ እማዬ ያንን ነገር ያለ አንዲት ቃል መብላቷ። በርበሬው ገና ሲወቀጥ ቅመም መጉደሉን ከሩቅ የምታውቅ ሴት ዝም ብላ ታላምጣለች፣ አልሃምዱሊላህ ትላለች፣ ተነስታ እጇን ትታጠባለች። ምላሷም እየረሳ ነው ብዬ አሰብኩ።

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ብርዱ ሲበረታ ዘይቱ ብልቃጡ ውስጥ ድንጋይ ሆነ፣ ማንኪያ አልገባ አለው። እህቴ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ አሟሟችውና አፈ ሰፊ ዕቃ ፈለገች። ያገኘችው ያንን አጥባ የደፋችውን የቅቤ ዕቃ ነው። ገለበጠችው፣ በማግስቱ ረጋ። ነጭ፣ ድፍን ያለ፣ ለጋ ቅቤ የሚመስል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ጎመን ልገዛ ወጥቼ ዝናብ ይዞኝ ስመለስ፣ ገና ከውጪው በር የማላውቀው ሽታ ተቀበለኝ። ኮሰረት አለ። ኮረሪማ አለ። አብሽና እርድ አለ። ከሥራቸው ደግሞ ያ ፀጉር። ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሆኑ ልገልጸው አልችልም፤ አንድ ሰው ሙሽራ አናት ላይ ወጥ የደፋባት ይመስላል። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «ምን ጥዳችሁ ነው እናንተ?» አለች፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ።

ኩሽና ስገባ እማዬ ሽርጧን አስራ ምድጃው ላይ ቆማለች። ድስቱ ውስጥ ያ ዘይት ቢጫ ሆኖ ይንተከተካል፣ ኮሰረቱ ላዩ ላይ ይዞራል። በማንኪያ አረፋውን እየገፈፈች ነበር፤ ልክ ቅቤ ሲነጠር እንደሚደረገው፣ በዚያው ትዕግሥት፣ በዚያው ዝምታ። ቀና ብላ አየችኝና መግፈፏን ቀጠለች። እህቴ ከቢሮ የደረሰችው ገና እኔ ጎመኑን ሳላስቀምጥ ነው። በሩ ላይ ቆማ ድስቱን አየች፣ የቅቤ ዕቃውን አየች፣ እጄን ይዛ ወደ ሳሎን ጎተተችኝ።

«ቅቤ መስሏት ነው። ቅቤ መስሏት አነጠረችው።»

«ቅቤ ዕቃ ውስጥ የጨመርሽው አንቺ አይደለሽ? ማንም ይሳሳታል።»

«ሽታውስ? ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ያነጠረች ሴት ሽታው ይጠፋታል?»

እህቴ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነበር፣ ግን ስትፈራ ድምጿ ይጮኻል። «ከነገ ጀምሮ ብቻዋን ኩሽና አትገባም። ዛሬ ይሄን ጣደች፣ ነገ ጋዙን ከፍታ ትረሳዋለች። ቤቱን ከነነፍሷ ታቃጥለዋለች።» ዞር ስንል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረችውና ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት መራራ ነበሩ። እማዬ በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ትውላለች፣ እጇ ጭኗ ላይ፣ ዓይኗ ዝናቡ ላይ። መቆጣት አቆመች። እማዬ ካልተቆጣች ቤታችን ሰው ያለበት አይመስልም። ዙሁርን የመጠየቋ ነገር ደግሞ ባሰበት። እህቴ እንጀራ ልታቀርብ፣ ሻይ ልታፈላ፣ ሁሉንም ልታደርግ ትራወጣለች፤ ያንን የተነጠረውን ነገርም አይጣልም ብላ ወጥ ላይ ጨመረችው። በላሁት። ኮሰረት የገባበት የፀጉር ቅባት በልቼ አውቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚያስፈራኝ ምግብ የለም።

አንድ ጠዋት እማዬ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። የተተወላት ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ እውነት ቅቤ መስሎሽ ነው ያነጠርሽው?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «አንቺም?» አለች። ከዚያ የጠፋው ቁጣዋ ተመለሰ። «እኔ አፍንጫ የለኝም? ይሄን ቅባት አናታችሁ ላይ ሳሽ የኖርኩት እኔ አይደለሁም? ቅቤና የፀጉር ቅባት የማልለይ መሰልኳችሁ?»

«ታዲያ ለምን?»

«ምን ላድርግ! በጎረስኩት ቁጥር ሆዴ ይገላበጣል። አልበላም እንዳልል ያቺ ልጅ ታለቅሳለች። ኮሰረት የማይገራው ቅባት የለም፣ ትንሽ የሰው ምግብ ይሆን እንደሆን ብዬ ሞከርኩት።» ፊቷን አጨማደደች። «ወላሂ ባሰበት!»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ ሰፌዱ እስኪንቀጠቀጥ፣ ምስሩ መሬት ላይ እስኪፈስ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አልረሳችም፣ ምላሷም አልረሳም፣ እንደ እኔው ሲያስጠላት ከርሟል። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመና ከመሬት ምስሩን እየለቀመች መናገር ጀመረች።

«ለእኔ መሆኑን መች አጣሁት? መርሳቴን ከእናንተ በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። አላህ ያመጣውን እቀበላለሁ። ገበያ አትሂጂ በሉኝ፣ እሺ። ብቻሽን ታክሲ አትሳፈሪ በሉኝ፣ እሺ። ኩሽናዬን ግን አትውሰዱብኝ። እዚያ እጄ መንገዱን ያውቀዋል። የሚጠፋብኝ እዚህ ቁጭ ስል ነው።»

ማታ ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና «እሷም ያስጠላት ነበር?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እኔንም ያስጠላኝ ነበር።»

«እኔስ?» አለች። «እኔ ትንፋሼን ይዤ አይደል የምውጠው!»

ሦስታችንም አንዳችን ለአንዳችን ብለን ያንን ጸያፍ ነገር ስንውጥ ከርመናል። እህቴ ተነስታ የቀረውን አሙቃ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ደፋችው። ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ረግቶ አደረና ጠዋት ውሃው አልወርድ አለ። ቱቦውን ፈትቼ ቢጫውን እድፍ በሽቦ እየጎተትኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከነኮሰረቱ፣ ከነእህል ፍርፋሪው፣ እጄ እስከ ክርኔ እስኪወዛ። እያቅለሸለሸኝም ደስ አለኝ።

ኩሽናውን ግን እህቴ በቀላሉ አልለቀቀችም። «ያለችሽ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ቅቤ መስሏት አንጥራው፣ ኋላ ሲገባት ሰበብ ፈልጋለት ቢሆንስ?» አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም። እኔም ያንን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄ ትቼው ነበር። በመጨረሻ «እሑድ ምሳ ብቻዋን ትሥራ። ማናችንም አንገባም። ከዚያ እናያለን» አለች። እማዬ ስትሰማ ሳቋን ደበቀች፣ ሽርጧን ግን ቅዳሜ ማታውኑ አጥባ አሰጣችው።

እሑድ ምንቸት አብሽ ሠራች። ቅቤ ተገዝቶ፣ እሷው በእጇ አንጥራው። ጠዋቱን ሙሉ ከኩሽናው የሚወጣውን ሽታ ሳሎን ተቀምጠን ተነፈስነው፤ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ በስተመጨረሻ ቅቤው። ከስንት ጊዜ በኋላ አፌ ውሃ ሞላ። ድስት ሲጋጭ፣ ራሷን በራሷ ስትቆጣ፣ ጭልፋ ስትፈልግ ይሰማናል። እህቴ ስልኳን ይዛ አታየውም፤ ጆሮዋ ኩሽና ነው።

ትሪው መጣ። ወጡ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መሐሉ ላይ ክምር ያለ ነው። ሦስታችንም ከበብነው። እማዬ «ቢስሚላህ» አለች፣ እንደ ድሮዋ አጠር አድርጋ። ጠቅለል አድርጌ ጎረስኩ።

ጨው ነው። መጀመሪያ ቅቤው መጣና ወዲያው ጨው ተከተለው፤ ምላሴን የሚቆርጥ፣ ጉሮሮዬን የሚዘጋ ጨው። ሁለቴ ጨምራለች፣ ምናልባት ሦስቴ። እህቴን አየኋት። ጉርሻዋ ጉንጯ ውስጥ ቆሟል፣ ዓይኗ ትሪው ላይ ነው። ገብቷታል። እማዬ ምንም እንዳልሆነ ትጎርሳለች፣ ታላምጣለች፣ ደግማ ትጎርሳለች። ከዚያ ቀና ብላ ሁለታችንን አየች።

«ምነው ዝም አላችሁ? ጨው አነሰው እንዴ?»

እህቴ ዋጠች። ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው።

«ኧረ ልክ ነው እማዬ» አለች። «እጅሽ ይባረክ።» እንጀራ ቆርሳ፣ ወጡ ከተከመረበት ከመሐሉ፣ ትልቅ አድርጋ ጠቀለለች።

እኔም ጠቀለልኩ። እማዬ ፊቷ በራ። «ብሉ እንጂ፣ ገና ድስት ሙሉ አለ» ብላ ጭማሪ ልታመጣ ተነሳች። ወደ ኩሽናዋ ገብታ ከዓይናችን ስትጠፋ ነው፣ እኔና እህቴ እኩል እጃችንን ወደ ውሃ ብርጭቋችን የዘረጋነው።